ፀሐይ ለሁሉም እኩል የማትጠልቅበት ሕንፃ

በረመዳን አንድ ምሽት፣ ዱባይ ዳውንታውን ውስጥ ፏፏቴው ካለበት ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ተቀምጬ አንድ ክፍል አብራኝ የምትኖረውን ጓደኛዬን እጠብቃለሁ። በፌስታል ሳምቡሳና ተምር፣ በፔርሙዝ ሾርባ ይዣለሁ። እሷ ፊቴ ከተገተረው ቡርጅ ኸሊፋ ውስጥ ናት። ለጉብኝት አልገባችም፤ የምትሠራበት የጽዳት ድርጅት ከ80ኛ ፎቅ በላይ ወዳለ አንድ መኖሪያ ቤት ልኳት ነው። አዛን ሲል ደወልኩላት።

"አፈጠርሽ?"

"ኧረ ገና ነው እቴ።"

"አዛን ብሏል እኮ! እዚህ ሰዉ ሁሉ እየበላ ነው።"

"እናንተ ጋ ይሆናላ። እኔ ጋ ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ናት። ወላሂ፣ እያየኋት!"

ቀልድ መስሎኝ ቀና አልኩ። እኔ ያለሁበት ጨልሞ የሱቆቹ መብራት በርቷል። የሕንፃው ወገብ ግራጫ ሆኗል። ከዚያ በላይ ግን መስታወቱ እንደ ጋለ ብረት ቀልቷል። መስመሩ በዓይን እያየሁት ወደ ላይ ይሸሻል። ጓደኛዬ ከዚያ መስመር በላይ የሆነ ቦታ፣ ተምር ይዛ፣ በሰው ሳሎን መስኮት አጠገብ ቆማ ፀሐይ እስክትጠልቅ ትጠብቃለች ማለት ነው።

በኋላ ስናጠያይቅ ጉዳዩ ድሮ መልስ አግኝቷል። ሕንፃው በተከፈተ በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ረመዳን፣ የዱባይ የሃይማኖት ሊቃውንት ከ80ኛ ፎቅ በላይ ያለ ሰው 2 ደቂቃ፣ ከ150ኛ በላይ ያለ ደግሞ 3 ደቂቃ ዘግይቶ እንዲያፈጥር ተናግረው ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ ምድር ክብ ስለሆነች ከፍ ያለ ሰው አሻግሮ ያያል። መሬት ላይ የቆመ ሰው ሜዳና ባሕር ላይ አድማሱ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልቅበታል። 124ኛው ፎቅ ላይ ካለው መመልከቻ ሰገነት ግን፣ 452 ሜትር ከፍታ ላይ ማለት ነው፣ አየሩ ጥርት ካለ ከ75 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ለእኛ የጠለቀችው ፀሐይ ለእነሱ ገና ባሕሩ ላይ ናት። ጠዋት ደግሞ ግልባጩ ነው፤ ጎህ ለላይኛው ሰው ቀድሞ ይቀዳል። ስለዚህ ላይ ያለው ጾመኛ ቀድሞ ይጀምራል፣ ዘግይቶ ይጨርሳል።

ይህን ስነግራት ጓደኛዬ ሳቀች። "ይሁና፤ ባለቤቶቹ በዚህ እንኳ ከእኛ ትንሽ ይራቡ።" በዚያ ምሽት ዘግይታ ያፈጠረችው ግን እሷ ነበረች። ባለቤቶቹ አውሮፓ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያንን ሕንፃ ሳየው ቁመቱን ማሰብ ትቻለሁ። 828 ሜትር መሆኑን ታክሲ ነጂውም ያውቀዋል። የሚገርመኝ ሌላ ነው፦ አንድ በር ቁጥር፣ አንድ አድራሻ ያለው ቤት ውስጥ ሰዎች በአንድ ፀሐይ እንኳ አይመሹም። እንዲህ ያለውን ሕንፃ ባለሙያዎቹ ቅይጥ አገልግሎት ይሉታል። ቅይጥ የሚለው ቃል ግን ያታልላል። በአንድ ላይ የተደረደረ እንጂ የተቀላቀለ ነገር አላየሁበትም።

እኔ ራሴ አምስት ዓመት የሠራሁት እንዲህ ባለ ሕንፃ ሪሴፕሽን ላይ ነው። የእኛው የቡርጁን ሲሶ የማያክል፣ ስሙን የማልጠራው፣ ባሕር ዳር ካሉት አንዱ ነው። ታች ሱቅና ካፌ፣ ከዚያ ቢሮ፣ ከዚያ ሆቴል፣ ከላይ መኖሪያ። መጀመሪያ ስቀጠር "ለምን ሁሉን አንድ ላይ አጨቁት?" ብዬ የጠየቅሁት የጥገና ክፍሉ ኃላፊ፣ ጢሙን የሚቀባ ሽማግሌ ሰው፣ በጣቱ ሰዓቱን መታ መታ አደረገልኝ። ቢሮ ቀን ነው የሚበላው፣ ቤት ማታ። ኤሲው፣ መብራቱ፣ ውሃው፣ መኪና ማቆሚያው፣ ሊፍቱ በአንድ ሰዓት አይጨናነቁም፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይገባል። ሁሉም ቢሮ ቢሆን ኖሮ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሊፍት ፊት ሰልፉ መንገድ ይደርስ ነበር፤ ማታ ደግሞ ያ ሁሉ ማሽን ለባዶ ቤት ይሠራል። ሌላው ምክንያት ገንዘብ ነው። የቢሮ ኪራይ ሲወድቅ የቤት ኪራይ ያቆመዋል፣ ቱሪስት ሲጠፋ ሱቁ ይሸከመዋል። ዱባይ ውስጥ ደግሞ የወደቀ ነገር ብዙ ታይቷል።

ቡርጁም እንዲያው ነው የተደራረበው። ከታች የአርማኒ ሆቴል አለ፤ ከእሱ በላይ እስከ 108ኛው ፎቅ ድረስ ወደ 900 የሚሆኑ መኖሪያ ቤቶች፤ ከዚያ በላይ ቢሮዎች፣ መሐል ላይ ምግብ ቤትና መመልከቻ። በብዙ ቦታ ልማዱ ቢሮን ከታች፣ ቤትን ከላይ ማድረግ ነው፤ ቢሮ ሰፊ ወለል ይፈልጋል፣ ሕንፃ ደግሞ ከታች ነው የሚሰፋው። እዚህ ግን ጫፉ ላይ፣ ወለሉ እየጠበበ በሄደበት፣ ትንንሽ ቢሮዎች ተቀምጠዋል። እዚያ ማን በእርጋታ ደብዳቤ ይጽፋል? እኔ ብሆን ቀኑን ሙሉ በመስኮት ሳይ እውላለሁ።

በየመሐሉ ደግሞ ማንም የማይኖርባቸው ፎቆች አሉ። ፓምፑ፣ የውሃ ታንከሩ፣ የኤሌክትሪክ ክፍሉ፣ አየር የሚገፋው ማሽን ያለባቸው ናቸው። ውሃ ከምድር ቤት በአንድ ጊዜ ወደ ጫፍ አይገፋም፤ ቧንቧው ግፊቱን አይችለውም። እንደ ቅብብሎሽ ከታንከር ወደ ታንከር ይወጣል። የእኛ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፎቅ ሁለት ነበረ፤ በሊፍቱ ቁልፎች ላይ ቁጥራቸው የለም። ልጆች "ለምን 18 ዘለለ?" ብለው ይጠይቁኝ ነበር።

ስለ መሠረቱ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የባሕር ዳር ከተማ እውነቱ ያለው እዚያ ነው። ቡርጁ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው የቆመው፤ ባሕሩ ግን ከሥሩ አለ። ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከባሕር ውሃ ይልቅ ጨዋማ ነው፤ ጨው ደግሞ የፌሮ ጠላት ነው፣ ቀስ ብሎ ገብቶ ያዝገዋል። ስለዚህ አርማታው ለብቻው ተመጥኖ ነው የተቦካው፣ በመሠረቱም ሥር ዝገትን በኤሌክትሪክ የሚከላከል የታይታኒየም መረብ ተዘርግቷል። መሠረቱ 3.7 ሜትር ውፍረት ያለው የአርማታ ሰሌዳ ነው፤ እሱን ደግሞ ከ190 በላይ የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜትር የሚሰፉ የአርማታ ምሰሶዎች ይሸከሙታል፣ ከ50 ሜትር በላይ ጠልቀው። ያን ያህል ጠልቀውም ጠንካራ አለት ላይ አልደረሱም። ምድሩ ለስላሳ የአሸዋ ድንጋይ ነው፤ ምሰሶዎቹ በዋናነት የያዙት በጎናቸው ፍትጊያ ነው፣ ጭቃ ውስጥ የተሰካ እንጨት ለመንቀል እንደሚያስቸግረው። ይህን ከሰማሁ በኋላ ለጥቂት ቀን በዚያ አካባቢ ስራመድ እግሬን ቀስ አድርጌ ነበር የማስቀምጠው።

ላይ ደግሞ ጠላቱ ነፋስ ነው። ዲዛይኑን የሠራው አድሪያን ስሚዝ፣ ምሕንድስናውን ደግሞ ቢል ቤከር ነው፤ ሁለቱም ስኪድሞር ኦዊንግስ ኤንድ ሜሪል በሚባለው የቺካጎ ድርጅት ሳሉ። ሕንፃው ከላይ ሲታይ ሦስት ክንፍ አለው፤ መሐሉ ላይ ባለ ስድስት ጎን እምብርት አለ። እምብርቱ ክንፎቹን ከመጠምዘዝ ይጠብቃል፣ ክንፎቹ እምብርቱን ይደግፉታል፤ ልክ ሦስት ሰዎች ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው እንደሚቆሙት። ወደ ላይ ሲሄድ ክንፎቹ አንድ በአንድ፣ እየዞሩ ያጥራሉ። ይህ ለውበት ብቻ አይደለም። ነፋስ አንድ ዓይነት ቅርጽ ካገኘ እኩል እየተመላለሰ ይገፋና ሕንፃውን እንደ ዥዋዥዌ ያወዛውዘዋል፤ ቅርጹ በየከፍታው ከተለወጠበት ግን ግራ ይገባዋል። ነፋስን ማደናገር። እንዲህ ያለ ነገር ለሥራ ተብሎ የሚከፈለው ሰው መኖሩ ደስ ይለኛል።

ሥራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። 330,000 ሜትር ኩብ አርማታ ገብቶበታል፤ አርማታው በፓምፕ እስከ 606 ሜትር ድረስ ተገፍቷል። በበጋ ቀን ላይ አርማታ ማፍሰስ አይታሰብም፤ ሳይደርስ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሌሊት፣ በረዶ እየተጨመረበት ነበር የሚሞላው። ሥራው ሲጧጧፍ በቀን እስከ 12,000 ሰው ይሠራ ነበር፣ አብዛኛው ከደቡብ እስያ። ማርች 2006 ላይ እነዚሁ ሠራተኞች በደመወዝና በአያያዝ ተማረው ሁከት አስነሥተው ነበር፤ መኪናና ቢሮ ሰባብረዋል። አሁን በአገሪቱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 ድረስ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ደጅ ላይ ማሠራት የተከለከለ ነው። በዚያ ሰዓት በአውቶቡስ ሳልፍ ጥላ ያለበት ሁሉ፣ የድልድይ ሥር፣ የዛፍ ሥር፣ የክሬን ጎማ ሥር፣ ራሱን በሻሽ የሸፈነ ሰው ተጋድሞ አያለሁ።

እስከ መከፈቱ ምሽት ድረስ ስሙ ቡርጅ ዱባይ ነበር። ከመከፈቱ ሳምንታት በፊት ዱባይ በዕዳ ተይዛ አቡ ዳቢ 10 ቢሊዮን ዶላር ሰጠቻት። ጃንዋሪ 4 ቀን 2010 ርችቱ ሲተኮስ ሕንፃው በጊዜው የአቡ ዳቢ ገዥና የአገሪቱ ፕሬዚዳንት በነበሩት በሼክ ኸሊፋ ስም ተጠራ። ሁለቱን ነገር የማያገናኝ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። እኛም አገር አበዳሪን በስም ማክበር አዲስ አይደለም፣ ልጅ በአክስት ባል ስም ሲሰየም ስንቴ አይተናል።

ከ828ቱ ሜትር 244ቱ ደግሞ ሰው የማይኖርበት ነው። የረጃጅም ሕንፃዎችን ቁመት የሚመዘግበው ዓለም አቀፍ ምክር ቤት እንዲህ ያለውን ቁመት የከንቱ ውዳሴ ቁመት ብሎታል። ሩብ ከዚያም በላይ የሚሆነው የሕንፃው ቁመት፣ መኖሪያም ቢሮም ሳይሆን፣ ረጅም ለመሆን ብቻ የቆመ ነው ማለት ነው። እኔ ግን ይህን አልነቅፍበትም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዴራ መስኮታችን ጥርት ባለ ቀን የሚታየን እሱ ብቻ ነው።

ዴራ ያልኩት የምንኖርበት ሰፈር ነው። አንድ ክፍል ለስድስት፣ ቤድ ስፔስ የሚሉት፣ አልጋ ብቻ መከራየት። አልጋዬ የላይኛው ነው፤ የጓደኛዬ የታችኛው። "አንቺ 80ኛ ፎቅ፣ እኔ ምድር ቤት" ትለኝ ነበር፣ ከዚያ ረመዳን በኋላ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግን ማን እንደታመመ፣ ማን ደብዳቤ እንደመጣላት፣ የማን ወንድም እንደተመረቀ ሳይነገረን እናውቃለን።

በሥራ ቦታዬ ግን ተቃራኒውን ነው ያየሁት። አምስት ዓመት ሙሉ 31ኛ ፎቅ ላይ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች እኔ ጋ መጥተው ስለ ጎረቤታቸው ሲጠይቁ "የ3104ቱ ሰውዬ" ነው የሚሉት። ክፋት ኖሮባቸው አይደለም። መንገድ የለም። መንገድ ሲኖር ሰው ሱቅ ይወጣል፣ ዝናብ ያስጠልለዋል፣ ልጅ ኳስ ይሰዳል፣ ሳይፈልጉም ይተያያሉ። ሕንፃው ውስጥ መንገዱ ሊፍት ነው፤ ሊፍት ውስጥ ደግሞ ሰው ቁጥሩን ነው የሚያየው። ያውም ሊፍቱ የተለያየ ነው፤ የሆቴሉ ለብቻ፣ የቢሮው ለብቻ፣ የነዋሪው በካርድ። ሆን ተብሎ ነው እንዳይገናኙ የተደረገው፤ ለጸጥታም፣ ለክብርም ይሉታል። ቡርጁ 57 ሊፍት አለው፤ ነዋሪዎቹ በ43ኛውና በ76ኛው ፎቅ ወርደው ሊፍት ይቀይራሉ።

ረጅሙን መንገድ ያለማቋረጥ የሚሄደው የትኛው ሊፍት እንደሆነ ሳውቅ ግን ለብቻዬ ሳቅሁ። የአገልግሎት ሊፍቱ ነው። 504 ሜትር። ቆሻሻ፣ አንሶላ፣ የምግብ ጋሪ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ እና ጓደኛዬ የሚሄዱበት። ባለ ቤቱ ከራሱ ፎቅና ከመዋኛው ውጭ የሚያውቀው የለም። ከታች እስከ ላይ ያለውን ሁሉ፣ የሆቴሉን ወጥ ቤት ሽታ፣ የማሽኑን ፎቅ ጩኸት፣ የቢሮውን ምንጣፍ የሚያውቁት መጥረጊያ የያዙት ናቸው። እኛም ሕንፃ ውስጥ እንዲያው ነበር። የ3104ቱን ሰውዬና የጎረቤቱን ሚስት ስም፣ የትኛው ልጅ ጨለማ እንደሚፈራ፣ የጽዳት ሴቶቹ ያውቁ ነበር።

ነዋሪዎቹ አንድ ቀን ብቻ ተገናኙ። ኤፕሪል 16 ቀን 2024 ዝናቡ የመጣ ዕለት ነው። አገሪቱ መዝገብ መያዝ ከጀመረችበት ከ1949 ወዲህ ያልታየ ዝናብ ነበር። አውራ ጎዳናው ወንዝ ሆነ፤ ውሃው ወደ እኛም ምድር ቤት ወርዶ ሊፍቶቹ ቆሙ። እኔ ወደ ዴራ መመለስ አቅቶኝ ሁለት ሌሊት እዚያው ሪሴፕሽኑ ኋላ አደርኩ። በማግስቱ ደረጃው ገበያ መሰለ። ሰው ከ20ኛ፣ ከ30ኛ ፎቅ በእግሩ ይወርዳል፣ ውሃ ተሸክሞ ይወጣል፣ ማረፊያው ላይ ተቀምጦ ትንፋሹን ይሰበስባል። የ3104ቱ ሰውዬ የጎረቤቱን ሕፃን ትከሻው ላይ አድርጎ ሲወርድ አየሁት። አንዲት አሮጊት 12ኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ሻይ አፍልታ ለሚያልፈው ሁሉ ትሰጥ ነበር። ሰዉ ስሙን ተነጋገረ፣ ስልክ ተለዋወጠ።

ሊፍቱ በተሠራ በሁለተኛው ሳምንት ሰውዬው ወደ እኔ መጥቶ "3105ቶች ማታ ይጮኻሉ" ብሎ ከሰሰ።

ከዚያ ሕንፃ ከለቀቅሁ በኋላ፣ ጓደኛዬ ለልደቷ ምን ላድርግልሽ ብላት "ቡርጁን በፊት ለፊቱ በር ልግባው" አለችኝ። ፀሐይ በምትጠልቅበት ሰዓት ትኬቱ ስለሚወደድ የጠዋት ገዛን። የእንግዳው ሊፍት በአንድ ደቂቃ ገደማ 124ኛ አደረሰን፤ ጆሮዬ ተደፈነ፣ እሷ ግን ምንም አልመሰላትም። ስንወጣ አንድ በር ላይ የቆመች የጽዳት ሠራተኛ አይታት ሰላምታ ሰጠቻት። በዓረብኛም በእንግሊዝኛም አልነበረም፤ በአገጭ ብቻ።

መስታወቱ ውጭው በጤዛ ደብዝዟል። የባሕሩ እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት ሲነካ ውሃ ይሆናል። በማቀዝቀዣው ቧንቧዎች ላይም እንዲሁ ነው፤ ሕንፃው ከዚያ ላብ በዓመት ወደ 57 ሚሊዮን ሊትር ውሃ ያጠራቅማል፣ ታች ያለው ሣርና ዘንባባ የሚጠጣውም እሱን ነው። ይህን ስነግራት "ባሕሩ በመስኮት ገብቶ ሣር ያጠጣል በይኛ" አለች፤ አልተሳሳተችም።

እሷ ግን ባሕሩን አላየችም። "ባሕሩንማ ያኔ ጠግቤዋለሁ፤ ያ ቤት በባሕሩ በኩል ነበር" ብላ በሌላው ወገን ዞረች። ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጠፈች። አቧራና ጉም ተደባልቆ፣ ከአውራ ጎዳናው ባሻገር ያለው ሁሉ ወተት መስሏል።

"ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ዴራን። ቤታችንን።"

"ይሄን ሁሉ ርቀት አይታይም እኮ፤ ደግሞም ጉም ነው።"

"አብሽሪ፣ ይታያል። ከዚያ እኛ ካየነው እሱም እኛን ማየት አለበት።" ጣቷን ነጩ ነገር ላይ አኑራ ቀስ ብላ አንቀሳቀሰችው። ቆመች። "ያቺ ናት። ከዚያ ፎቅ ጎን፣ ልብስ የተሰጣበት።"

ጣቷን ተከትዬ አየሁ። ነጭ ነው።

"አዎ" አልኳት፣ "የእኔ ፎጣ ነው።"